ዶሮው ነው ብዬ የጻፍኩልህ

ዲላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለዘርዓብሩክ፣ ባለህበት ፖሎክዋኔ፣ ደቡብ አፍሪካ

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። እኔም ልጄ ሉሲም ባለቤቴ ጴጥሮስም በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። አንተስ ጤናህ እንዴት ነው? እዚያ በአበሻ ሱቆች ላይ ዘረፋ በረታ ሲባል ስሰማ ልቤ ይመታል። ሱቅ ትተህ ዶሮ እርባታ መግባትህን እያሰብኩ እጽናናለሁ።

መደወል ትቼ ወረቀት ላይ መጻፌ አይግረምህ። ስልኬ ወድቆ ተሰበረ፤ ጴጥሮስም ሌላ እስኪገዛልኝ ታገሺ ብሎኛል። እስከዚያው ጎረቤታችን ሀጅራ፣ ባለሱቋ፣ የጻፍኩትን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። የአንተንም መልስ አጠገቧ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አስወጥታ ትሰጠኛለች።

የጻፍኩልህ ስለ አውራ ዶሮው ነው። አምና ከወርቃ ገበያ ያመጣሁት ቀዩ አውራ ጠላት ሆኖብናል። ማክሰኞ ሉሲ ከትምህርት ቤት ስትገባ አጥሩ ጥግ ቆሞ ጠበቃት። አንድ ክንፉን መሬት ላይ ጥሎ በጎን በጎን ሄደና ዘለለባት። ልጄ በግንባሯ ወደቀች። ጀርባዋ ላይ ወጥቶ ማጅራቷን ይነቁራት ጀመር፤ እግሩ ላይ ያለው ሹል ቀንድ ባቷን ሁለት ቦታ ወጋት። ነጭ ካልሲዋ በደም ራሰ። በመጥረጊያው እንጨት መታሁት፤ እንጨቱ ተሰበረ፣ እሱ ግን ተመልሶ መጣብኝ።

ጴጥሮስ ከቡና ማጠቢያው በተመለሰ ቁጥር በጫማው ይለዋል። ትናንት አንስቶ ቆርቆሮው አጥር ላይ ወረወረው። ዶሮው ግን ከመፍራት ይልቅ ባሰበት።

እንዳላርደው ደግሞ ጭልፊት ሲመጣ ጫጩቶቹን የሚያድን እሱ ነው። ለማስታቀፍ እንቁላል የሚገዙኝም ሴቶች የእሱን ዘር ፈልገው ነው የሚመጡት። አስራ ስምንት ሴት ዶሮ አለኝ። አንተ ሥራህ ነውና ምን ላድርግ?

እህትህ ኤልቤቴል

*

ፖሎክዋኔ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴ ኤልቤ፣

ጌታ አንቺንም ቤትሽንም ይጠብቅ። ሉሲን በእኔ ፈንታ ግንባሯን ሳሚልኝ። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ካልተወጋች ነገ ዛሬ ሳትዪ ውሰጃት። የዶሮ እግር ኩስ የረገጠ እግር ነው።

አሁን ስሚኝ። መጥረጊያውን ጣዪው። አውራ ዶሮ ሲመታ የሚያስበው ሌላ አውራ ገጠመኝ ብሎ ነው። በመታሽው ቁጥር ጠብ ትሰጪዋለሽ፣ ጠቡን ደግሞ ይወደዋል። እየሮጥሽ ከሸሸሽም አሸነፍኩ ይላል። ስለዚህ አትምቺው፣ አትሽሺውም። ወፍራም ሱሪና ቦቲ አድርጊና ወደ እሱ ቀስ ብለሽ ሂጂ፤ መንገድ እሱ ይልቀቅልሽ። ከዘለለ በጆንያ ሸፍነሽ ያዢው። ብብትሽ ስር አድርጊው፣ እግሮቹን በአንድ እጅሽ ጨብጪ፣ በሌላው አንገቱን ወደ ታች ዝቅ አድርገሽ ያዢ፤ አንቀሽ እንዳትገድዪው እንጂ አትፍሪ። እስኪረጋ እንዲሁ ይዘሽው ግቢውን ዙሪ። በየቀኑ። መኖውንም በእጅሽ ስጪው።

የእግሩን ቀንድ ጫፍ በሞረድ አደንዢው፤ እስከ ሥሩ አትቁረጪ፣ ይደማል። ሉሲ ትምህርት ቤት ስትሄድና ስትመለስ በሽቦ ተከልሎ ይቆይ። እየጎረመሰ ያለ ሌላ አውራ ካለሽ ሽጪው ወይ እረጂው፤ ሁለቱ ሲፎካከሩ ንዴቱ ሰው ላይ ይወጣል። ይህን ሁሉ አንድ ወር ሞክረሽ ካልሆነ እረጂው፤ ከልጅ ዓይን የሚበልጥ ዶሮ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዶሮ ፊት ይለያል። የመታውን ሰው አይረሳም። ጴጥሮስ በጫማ መምታቱን ይተው። እሱን ሰላም በይልኝ፤ የቡናው ወራት እንደገባ አውቃለሁ፣ ሥራ እንደሚበዛበትም።

ወንድምሽ ዘርዓብሩክ

*

ዲላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፣

ጸጋው ይብዛልህ። መልስ ያዘገየሁት የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ነው።

ያልከኝን ሁሉ አደረግሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ጦርነት ነበር። ቦቲዬን ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስል ነበር። አንድ ቀን ጆንያውን ቀድዶ ወጣና እጄን ነቆረኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ስጠጋው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በሞረድ ቀንዱን ሳደንዝለት ሀጅራ ይዛልኝ ነበር፤ ሂጃቧን አቧራ አልብሶባት ሳቀች። አሁን ብብቴ ስር ሆኖ ስዞር ዓይኑን ይጨፍናል። ሉሲም ከመዳፏ በቆሎ ትሰጠዋለች። ጴጥሮስን ሲያይ ብቻ አንገቱ ላይ ያለውን ላባ አቁሞ ይነሳበታል።

ግን ያው ዶሮ ዶሮ ነው። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ጎንበስ ብዬ እንቁላል ስለቅም ዘሎ ቅንድቤን ሰነጠቀው። አራት ቦታ ተሰፋሁ። ግራ ክንዴም ላይ ጠቁሯል። ተማሪዎቼ ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ አውራ ዶሮ ነው ስላቸው ሳቁብኝ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ለጴጥሮስ ስትደውል የዶሮውን ነገር አታንሳበት። በሥራ ደክሞ ነው የሚመጣው። እባክህን።

እህትህ ኤልቤቴል

*

ፖሎክዋኔ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤልቤ፣

ሰላምታዬን አጭር አደርገዋለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ብብትሽ ስር ዓይኑን የሚጨፍን ዶሮ ቅንድብ አይሰነጥቅም። በየቀኑ ብዙ ሺህ ዶሮ መካከል ነው የምውለው፤ እጄም እግሬም ምስክር ነው። የአውራ ቀንድ የሚያደርሰው ቁስል እንደ ምስማር ነው፣ ጠባብና ጥልቅ። አራት ቦታ የሚሰፋ ስንጥቅ አይደለም። አንቺም ጫፉን አደንዘሽዋል። ክንድሽ ጠቁሯል አልሽ። ዶሮ እጅ የለውም እኮ።

አታንሳበት ብለሽኝ ነበር፤ አነሳሁበት። ትናንት ደወልኩና “የኤልቤ ቅንድብ እንዴት ነው?” አልኩት። ሳቀና “እህትህ እኮ ዶሮ መጠበቅ አቅቷት ነው” አለኝ። ሳቁን አውቀዋለሁ።

ጴጥሮስ ነው? አዎ ወይም አይደለም በይኝ። ሌላ አትጻፊ።

ዘርዓብሩክ

*

ዲላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድማችን ለአቶ ዘርዓብሩክ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በጣም ደህና ነን። በላኩት ደብዳቤ ላይ የጻፉት ነገር ቤተሰባችንን አሳዝኗል። ቁስሉ ዶሮው ያደረሰው ነው። ባለቤቴ አቶ ጴጥሮስ ለቤቱ የሚያስብ፣ ልጁን የሚወድ ሰው ነው። በሰው ትዳር ገብቶ ጥርጣሬ መዝራት ከእርስዎ የሚጠበቅ አልነበረም። ከእንግዲህ በሀጅራ በኩል እንዳይጽፉ። የሚሉት ካለ በአቶ ጴጥሮስ ስልክ ይደውሉ።

ኤልቤቴል

*

ፖሎክዋኔ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀጅራ እህቴ፣ ይህን ወረቀት ላይ እንዳታስወጪው። ኤልቤ ሱቅሽ ስትመጣ ከስልክሽ ላይ አሳዪያትና አጥፊው። አደራ።

ኤልቤ፣

የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው ከጴጥሮስ ስልክ ነው። ጽሑፉ የአንቺ እጅ ነው፣ ቃሉ የእሱ። በሕይወትሽ “እርስዎ” ብለሽኝ አታውቂም። ደብዳቤዬ እጁ ገብቶ ምን እንዳደረገሽ ሳስብ እህል አይወርድልኝም። ስደውል ስልኩን እሱ ነው የሚያነሳው፤ ተኝታለች ይለኛል፣ በቀትር።

የምነግርሽ ነገር አለ። ቁስል አውቃለሁ ያልኩሽ ከዶሮ ብቻ ተምሬ አይደለም።

ባለቤቴ የነበረችው ትንቢት ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ ታስታውሻለሽ። የቁምሳጥኑ በር ነው ብዬ ለአባቷ ነገርኩ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነገርኩ። እሷም ከእኔ ተቀብላ ደገመችው። ቁምሳጥን አልነበረም። የቀበቶዬ ዘለበት ነበር። ያ የመጀመሪያው አልነበረም፣ የመጨረሻውም አልነበረም። ጥላኝ ስትሄድ ሰው ሁሉ እሷን ወቀሰ፤ እኔም እንደ ተበደለ ሰው አንገቴን ደፍቼ ሀገር ለቀቅሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈስኩም።

ጴጥሮስንም ቤታችን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አሪቻ ቡና ማጠቢያ አብረን ስንሠራ፣ በሚዛን የተከራከረውን የቀን ሠራተኛ ጥሎ ሆዱን ሲረግጠው ቆሜ አይቻለሁ። አባታችን ስለ ጠባዩ ሲጠይቀኝ “ቁጡ ነው እንጂ ልቡ ደግ ነው” ብዬ መሰከርኩለት። እኔም እንደዚያው ስለነበርኩ ነው።

እኔን አትጠብቂ። ሽማግሌም አትጠብቂ። ሉሲን ይዘሽ ውጪ።

ዘርዓብሩክ

*

ዲላ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘርዓብሩክ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ሁለት ወር ተኩል ዝም ያልኩህ መጀመሪያ ፈርቼ፣ ከገና ወዲህ ደግሞ ቀኝ እጄ ጀሶ ውስጥ ስለነበረ ነው። ለሀጅራ እየነገርኩ ልትጽፍልኝ ትችል ነበር፣ ግን ይህን በራሴ እጅ መጻፍ ፈለግሁ። ጽሑፌ የተንጋደደው ለዚያ ነው።

ኅዳር ላይ የጠየቅኸኝን አሁን እመልሳለሁ። አዎ። ጴጥሮስ ነው። ዘጠኝ ዓመት። ስልኬንም ወድቆ ሳይሆን እሱ ነው ግድግዳ ላይ የፈጠፈጠው።

ደብዳቤህን የደበቅሁት የፉርሽካው ከረጢት ውስጥ ነበር። እሱ የዶሮ መኖ ነክቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ገመድ ሲፈልግ ከረጢቱን ገለበጠው። አንብቦ ሲጨርስ በሩን ዘጋ። ሌላውን አልጽፍልህም። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ አስቀመጠኝና ማጅራቴን በአንድ እጁ ይዞ ያን ደብዳቤ ቃል በቃል አስጻፈኝ። “እርስዎ” የሚለውን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ። “አክብሮት ይሁን” ስለው ደስ አለው። እንደምትረዳ አውቄ ነው።

የአንተን መልስ ሀጅራ በማግስቱ አሳየችኝ። አንብቤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ ብትጠይቀኝ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቶ ነበር፣ ሉሲ ፈተና ነበራት። እንዲህ ያለ ነገር ነው ሰውን የሚይዘው።

የገና ዋዜማ ቀን እሱ ከወርቃ መጣ። ለበዓሉ ሌላ ዶሮ አስሬ ነበር። በግቢው ሲያልፍ ቀዩ አውራ እንደ ልማዱ ተነሳበት፤ በደነዘው ቀንዱ ጉልበቱን ብቻ ነካው። ጴጥሮስ ሁለት እግሩን ይዞ አነሳውና የዶሮ ቤቱ ምሰሶ ላይ መታው። ደግሞ መታው። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። ላባው ፊቴ ላይ መጣ። አንገቱ ተቆልምሞ እንኳ ክንፉ ይመታ ነበር። ሴቶቹ ዶሮዎች ሁሉ አጥሩ ላይ ተጣበቁ። ሉሲ ደረጃው ላይ ደብተር ይዛ ተቀምጣ ታያለች።

እግሬ ስር ጣለውና “ሥሪው” አለኝ።

“አልሠራም” አልኩት።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላልኩት ቃል ነው። እኔም ደነገጥኩ። እሱም የሰማ አልመሰለውም፤ “ምን አልሽ?” አለ። “አልሠራም። ልጅህ ፊት የገደልከውን አልሠራም” አልኩት።

ከሙቀጫው ውስጥ ዘነዘናውን አወጣ። ራሴን እንዳይመታኝ ክንዴን አነሳሁ። ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት የአጥንቴን ድምፅ ሰማሁት። ወደቅሁ። ማጅራቴን ጨብጦ ፊቴን መሬት ላይ ደፍቶ ጎኔን መታኝ፣ ዳሌዬን መታኝ። ሉሲ እንደጮኸች በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ሀጅራ ጋ ሮጠች።

ሀጅራ የሱቋን በር መወርወሪያ ብረት ይዛ ገባች። “ዘነዘናውን ጣል!” አለችው። “አንቺ ምን አገባሽ፣ ሚስቴ ናት” አለ። አልመለሰችለትም። በብረቱ የእጁን አንጓ አለችው፤ ዘነዘናው ወደቀ። ወደ እሷ ሲዞር ብረቱን እንደገና አነሳችና “ና! አንዴ ብቻ ና!” አለችው። ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ጎረቤት ሞላ። እሱም ሸሚዙን አስተካክሎ ለሰው “የቤት ጉዳይ ነው” ይል ጀመር።

ሕክምና ስወሰድ ተረኛዋ ነርስ ትንቢት ነበረች። ያንተዋ ትንቢት። ካርዱን ይዛ “ምን ሆነሽ ነው?” አለችኝ። እንደ ለመድኩት አፌ “አውራ ዶሮ ነው” አለ። ክንዴ ለሁለት ተሰብሮ፣ ፊቴ በደም ተሸፍኖ፣ ዶሮ ነው አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ኤልቤ” አለችኝ፣ “እኔ ቁምሳጥን ነው ስል አጠገቤ ቆመሽ ፋሻ ታቀብዪኝ ነበር። አይተሽ እንዳላየሽ ሆንሽ። እኔ ግን ዶሮ ብዬ አልጽፍም።”

ያኔ ነው ያለቀስኩት። እውነቷን ነው፣ ዘርዓብሩክ። አንተ አሁን የነገርከኝን እኔ ያኔውኑ አውቅ ነበር። ዘለበቱ ላይ የደረቀውን ደም ያጠብኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ነህ ብዬ ዝም አልኩ።

የሆነውን በሙሉ ነገርኳት። ጻፈችው፣ ማኅተም አስመታችበት፣ ፖሊስም ራሷ ጠራች።

በማግስቱ ሽማግሌዎች መጡ። አባባ ገመቹ “ልጄ፣ በገና ባልሽን ታሳስሪያለሽ?” አሉኝ። “አባባ፣ መጀመሪያ ጎኔን ይዩልኝ” ብዬ ነጠላዬን ገለጥ አደረግሁ። አንገታቸውን ደፉ። ሁለተኛ አልመጡም። ጴጥሮስ ታስሯል። ክስ ተመሥርቷል።

እህትህ ኤልቤቴል

*

ፖሎክዋኔ፣ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የሞተብኝ ሰው ያለ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

ጴጥሮስን በዚህ እጄ ባገኘው ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። እኔ ማን ሆኜ ነው የምለው?

ትንቢትን አግኝተሽልኝ ይቅርታ ጠይቂልኝ። በስንት ለሊት ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት ንገሪያት። ሰው እንደሆንኩ፣ ዛሬ እጄን በማንም ላይ እንደማላነሳ ንገሪያት። አንቺን ትሰማሻለች። የምትለውን ሁሉ እቀበላለሁ።

ወንድምሽ

*

ዲላ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘርዓብሩክ፣

የጌታ ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን። ሉሲ አድጋለች፤ ክንዴም ገጥሟል፣ ዝናብ ሲመጣ ይጠዘጥዘኛል እንጂ ጠመኔ መያዝ ችያለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ፍርድ ተሰጠ። ጴጥሮስ ችሎት ፊት ቆሞ “ጉዳቱን ያደረሰው አውራ ዶሮ ነው፣ ራሷም በጽሑፍ አረጋግጣለች” አለና ያን ክንዴ ሳይሰበር ያስጻፈኝን ደብዳቤ ከስልኩ አሳትሞ አቀረበ። ከኋላ የሳቁ ነበሩ። እኔን አላሳቀኝም። ትንቢት ተጠራች። ስለ አጥንቴ፣ ስለ ጎድኔ፣ ስለ ማጅራቴ የጣት ምልክት አንድ በአንድ ተናገረች። የእሱ ጠበቃ “የዶሮ ጥቃት ሊሆን አይችልም ብለሽ እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ?” ሲላት “እኔም ባሌ ሲመታኝ ሌላ ምክንያት ስናገር ስለኖርኩ አውቀዋለሁ” አለች። ስምህን አልጠራችም። ሁሉም ግን ያውቃል፤ ዲላ ትንሽ ናት።

ሦስት ዓመት ተፈረደበት። እናቱ ስንወጣ እግሬ ስር ተፋች። ሉሲ እጄን ይዛ “እንሂድ” አለችኝ፣ ሄድን።

ያን ቀን መልእክትህን ለትንቢት አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ “ይቅርታውን በእህቱ አፍ አልቀበልም። ቁምሳጥን ነው ብሎ የዋሸው አባቴ ፊት ነው፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ነው። መጥቶ እነሱው ፊት እኔ ነኝ ይበል። ከዚያ ይቅር ማለቴና አለማለቴ የኔ ጉዳይ ነው። ክስ ካቀረብኩም ችሎት ይቁም።”

እኔ ባለፈው እሑድ ወደ ፍስሐ ገነት ከተማ፣ አባቷ ቤት ሄጄ ነበር። ዘለበቱን እንዳጠብኩ፣ አውቄ ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው። አባቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። እናቷ ተነስተው ወደ እንሰቱ ጓሮ ሄዱ፣ እስክነሳም አልተመለሱም። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም። መኪና እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር፤ አባቷ መጡና አጠገቤ ቆሙ። መኪናው ሲቆም ብቻ “እሱስ መቼ ነው የሚመጣው?” አሉኝ።

ምን ልበላቸው?

ኤልቤቴል